በውክልና የቀደድኩት ሰማንያ

እኔ አግብቼ አላውቅም፤ ፍቺ ግን ፈጽሜያለሁ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አንድ ችሎት ፊት ቆሜ፣ ቨርጂኒያ የሚኖረውን ታላቅ ወንድሜን በመወከል ጋብቻው እንዲፈርስ ስጠይቅ፣ በሌላው ወገን የቆመችው ዋርሳዬ ያን ዕለት ጠዋት ቁርስ ያበላችኝ፣ ብርዱ እንዳይጎዳኝ ጋቢዋን የደረበችልኝና በአንድ ባጃጅ ተሳፍረን አብራኝ የመጣች ሴት ነበረች። ከዚያ ወዲህ ባሎቻቸው ወይም ሚስቶቻቸው በውጭ አገር የሚኖሩ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች «እንዴት አደረጋችሁት?» እያሉ በተደጋጋሚ ስለጠየቁኝ፣ የሆነውን ሁሉ ከነስሕተታችን ለመጻፍ ወሰንኩ። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ሆኖም አንድ መዝገብ ይዤ ከሬጅስትራር ወደ ችሎት፣ ከችሎት ወደ ቀበሌ ስመላለስ የተረዳሁት ነገር ቢኖር ርቀቱ ሕጉን ብዙም እንደማያከብደው፣ ይልቁንም የሚያከብደው በሁለቱ ተጋቢዎች መካከል የቆምነው ዘመዶች መሆናችንን ነው።

ወንድሜ በዲቪ ዕጣ ወደ አሜሪካ የሄደው በ2007 ዓ.ም. ነው። በጥር 2010 ዓ.ም. ለሠርጉ መጥቶ በሰማንያ ተጋባ፣ ጋብቻውም ተመዘገበ፣ ስድስት ሳምንት ቆይቶም ተመለሰ። ልጃቸው የተወለደው በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ሲሆን አባቱን የሚያውቀው በስልክ መስኮት ብቻ ነው። ቁርባኑን አብረው መኖር ሲጀምሩ ሊፈጽሙት ተስማምተው ስለነበር፣ ኋላ ነገሩ ሲበላሽ ጉዳዩ ወደ ቤተ ክህነት የሚሄድበት ምክንያት አልነበረም። ወንድሜ ከመሄዱ በፊት ተጋብተው ቢሆን ኖሮ ዋርሳዬ በዚያው በዲቪው አብራው ወይም ተከትላው መግባት ትችል ነበር፤ ጋብቻው እርሱ ግሪን ካርድ ከያዘ በኋላ ስለተፈጸመ ግን ማመልከቻ አስገብቶ የኮታ ወረፋ መጠበቅ ግድ ሆነ። በዚህ ላይ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣና የቪዛ ቃለ መጠይቁ ሁሉ ቆመ።

ለአሜሪካ ዜጋ የትዳር ጓደኛ ይህ የኮታ ወረፋ የለም፤ ወንድሜም አምስት ዓመት ስለሞላው በዚያው በ2012 ዓ.ም. ለዜግነት ማመልከት ይችል ነበር። አላመለከተም። «ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ዘንድሮ እሞላዋለሁ» እያለ ሦስት ዓመት አለፈ። ዋርሳዬ ነገሩን የተረዳችው ከዚህ እንጂ ከሌላ ሴት ወሬ ወይም ከተቋረጠ ገንዘብ አይደለም፤ ገንዘቡማ በየወሩ ይመጣ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ እሷ የገብስ ቆሎ ስትቆላ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለ፣ ማማሰሏን ሳታቋርጥ «እህል ውሃችን ያለቀ ይመስለኛል። አንቺ ንገሪው፤ እኔ ከነገርኩት በይሉኝታ ይለምነኛል፣ እኔም በይሉኝታ እሺ እለዋለሁ» አለችኝ። ከዚያ ምጣዱን አውርዳ ያረረውን ቆሎ አንድ በአንድ እየለቀመች ማውጣት ጀመረች እንጂ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ወንድሜም በስልክ ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ የጠየቀኝ «ልጁን ትከለክለኛለች?» ብሎ ብቻ ነበር።

እናታችን በሽማግሌ ያልተያዘ ነገር አልሰማም ስላለች፣ ከፋሲካ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ እዚያ ገና ማለዳ ሳለ፣ ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ ከፍተን በመሶቡ ክዳን ላይ አስቀመጥነው፤ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት የወንድሜ የክርስትና አባትም ድምፃቸው በራሱ ጉልበት ባሕር የሚሻገር ይመስል ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው እየጮኹ ይመክሩት ጀመር። ሁለተኛው ጉባኤ ላይ እርቁ እንደማይሆን ሲረዱ «እንግዲያው ሰማንያውን እኛው እንቀድደዋለን፤ ምን ፍርድ ቤት ያስኬዳችኋል?» አሉ። አባባላቸው ከመሬት የተነሣ አልነበረም፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚያዩት የቤተ ዘመድ የሽምግልና ዳኞች ነበሩና የእርሳቸው ትውልድ የሚያውቀው ያንን ሥርዓት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213፣ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጥቶ ሽማግሌዎችን በማስታረቅ ሥራ ወስኗቸዋል። እኛ ሰሜን ሸዋ ላለነው የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በስልክ የሚጠቅሰውን አንቀጽ ሁሉ እንዳለ ከመያዝ ይልቅ በክልሉ ሕግ ላይ ማመሳከር ይገባል፤ እኛ ይህን ባለማወቃችን ሁለት ምሽት ሙሉ በከንቱ ተከራክረናል።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ፍቺው የት ይፈጸም የሚለው ነበር። የቨርጂኒያ ሕግ ከተጋቢዎቹ አንዱ ቢያንስ ስድስት ወር በዚያ የኖረ ከሆነ የፍቺ አቤቱታን ይቀበላል፤ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ያላቸው ሰዎች ደግሞ አንድ ዓመት ተለያይተው መኖራቸውን ማሳየት አለባቸው። ወንድሜ ሁለቱንም ያሟላ ስለነበር «እዚሁ ልጨርሰው» ብሎ ነበር። ነገር ግን የውጭ አገር ፍርድ እዚህ አገር በቀጥታ አይፈጸምም። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 456 እስከ 461 እንደተደነገገው፣ ፍርዱ እንዲፈጸም የሚፈልግ ሰው አቤቱታ አቅርቦ፣ ያ አገር የእኛን ፍርድ የሚፈጽም መሆኑ፣ የተፈረደበት ወገን ቀርቦ የመከራከር ዕድል ማግኘቱ፣ ፍርዱ የመጨረሻ መሆኑና ከሕዝብ ሞራልና ጸጥታ ጋር አለመጋጨቱ ይመረመራል። ቤቱ ደብረ ብርሃን፣ ልጁ ደብረ ብርሃን፣ የጋብቻው መዝገብ ደብረ ብርሃን ሆኖ ሳለ ውሳኔውን ከባሕር ማዶ አምጥቶ እንደገና በር ማንኳኳት ትርጉም አልነበረውም። ወንድሜ ዜግነቱን ቀይሮ ቢሆን ኖሮ የግለሰብ ዓለም አቀፍ ሕግ ጥያቄ፣ ማለትም የየትኛው አገር ሕግ ይሠራል የሚለው፣ ይነሣና ጉዳዩ በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን ሥር ሊወድቅ ይችል ነበር፤ ትዳሩን ያፈረሰው ያ ያልተሞላ ፎርም ፍቺውን ግን አቀለለልን።

ከውክልናው የበለጠ ያደከመን ነገር የለም። ወንድሜ ከአንድ ጓደኛው ኮምፒውተር ላይ የተገለበጠ የውክልና ጽሑፍ አትሞ፣ በኤምባሲ ተረጋግጦለት፣ በሰኔ 2015 ዓ.ም. ላከልኝ። ጽሑፉ እንድሸጥ፣ እንድለውጥ፣ እንዳከራይ፣ መብራትና ውኃ እንዳስገባ፣ በማናቸውም መሥሪያ ቤት ቀርቤ ጉዳይ እንዳስፈጽም ይፈቅድልኛል፤ አንድ ገጽ ተኩል ሙሉ ሥልጣን ነው። «ፍቺ» የሚል ቃል ግን በውስጡ አልነበረም። ሬጅስትራሩ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየተከተለ አንብቦ ከጨረሰ በኋላ «እኅቴ፣ በዚህ ውክልና የወንድምሽን ቤት መሸጥ ትችያለሽ፤ ትዳሩን ግን ማፍረስ አትችይም» ሲለኝ፣ ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ሳቁ፤ እኔም ከአንድ ወር በኋላ ሳቅኩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ከአስተዳደር ሥራ የሚያልፍ ነገር፣ በፍርድ ቤት መክሰስና መከሰስ ጭምር፣ ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልገው ይናገራል፤ ፍቺን የመሰለ ከሰውነት ጋር የተጣበቀ ጉዳይማ በስሙ ተጠርቶ መጻፍ አለበት። ስለዚህ ሁለተኛው ውክልና የሚስቱን ሙሉ ስም፣ ጋብቻው የተፈጸመበትን ቀን፣ በስምምነት የመፋታት ፈቃዱን፣ ስለ ንብረትና ስለ ልጅ የተደረገውን ስምምነት እንዳቀርብና እንዳስጸድቅ የሚያዝዝ ቃል፣ ውሳኔውንም ተቀብዬ እንዳስመዘግብ የሚፈቅድ ዐረፍተ ነገር እንዲኖረው ተደረገ። ይህን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ባናስገባው ኖሮ ከፍርዱ በኋላ ሦስተኛ ውክልና ያስፈልገን ነበር።

ሁለተኛው እስኪመጣ ክረምቱ ገባ፤ ፍርድ ቤቱ ለዕረፍት ተዘጋ፤ በነሐሴም የክልሉ ሁኔታ ደፍርሶ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መንገዱም እየተከፈተ ይዘጋ ጀመር። ውክልናው በሰው እጅ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ እንኳ፣ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ለሆነ መንገድ፣ ወርጄ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ላረጋግጠውና በሰነዶች ማረጋገጫ ላስመዘግበው የቻልኩት በኅዳር ነው።

ችሎት የቀረብን ቀን ዳኛዋ አቤቱታውንና የፍቺ ስምምነቱን ካነበቡ በኋላ ቀና ብለው «የወከለሽ ሰው ዛሬም በሐሳቡ እንደጸና በምን ታውቂያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀሁም ነበር። ወንድሜን በተለመደው ስልክ ካነጋገርኩት ዘጠኝ ቀን አልፎ ነበር፤ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሰው ሐሳቡን አይለውጥም ብዬ መማል አልችልም። «ክብርት ዳኛ፣ የማውቀው እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ ብቻ ነው» አልኩ። ዳኛዋ ፈገግ ሳይሉ አልቀሩም። ዋርሳዬን ለብቻዋ ወደ ቢሮ አስጠርተው አነጋገሯት፤ ፈቃዷ በግድ ወይም በማታለል የተገኘ አለመሆኑን ለማወቅ እንደሆነ ኋላ ነገረችኝ፤ የቀረውን ምን እንደተባባሉ እኔም አልጠየቅኳት። ሕጉ ተጋቢዎቹ እንደገና እንዲያስቡበት ፍርድ ቤቱ ጊዜ እንዲሰጥ ይፈቅዳል፤ በፌዴራሉ ሕግ ይህ የማሰላሰያ ጊዜ ከሦስት ወር አይበልጥም። እኛ የተቀጠርነው ለስድስት ሳምንት ነበር። ሐሳባቸው እንዳልተለወጠ በቀጠሮው ቀን አረጋገጥን፤ በየካቲት ውሳኔ ተሰጠ። በመዝገቡ ውስጥ ማን እንዳጠፋ የሚል አንድም መስመር የለም፤ ለመፋታት ጥፋት መቁጠር አያስፈልግምና። እናቴ ይህን ስትሰማ «ታዲያ ማን ረታ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሁሉም እንደኛ በስምምነት አይጨርስም። በቀጠሮው ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቤ የተቀመጡ፣ ከመንዝ የመጡ አንድ ሰው የ«በኩር» ጋዜጣ ቅጠል አራት ቦታ አጥፈው በላስቲክ ይዘው ነበር። ሚስታቸው ወደ ቤይሩት ከሄደች ሰባት ዓመት ሆኗታል፤ ከአራት ዓመት ወዲህ ስልኳም አድራሻዋም ጠፍቷል። አድራሻው ለማይታወቅ ተከሳሽ መጥሪያው በጋዜጣ እንዲወጣ ፍርድ ቤት ሊያዝዝ ይችላል፤ ተጠሪው ካልቀረበም ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። በኋላ የመጣ ሰው መጥሪያው በአግባቡ እንዳልደረሰው ወይም በበቂ ምክንያት እንዳልቀረበ ካስረዳ፣ ውሳኔውን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሣለት መጠየቅ ይችላል። ሰውዬው ግን የሚጨነቁት በዚህ አልነበረም። «እንግዲህ እዚያ በሰው ቤት ተዘግታ የምትሠራ ልጅ ይህን ጋዜጣ ማን ያነብላታል?» ብለው ስሟ ያለበትን መስመር አሳዩኝ። በዚያ አገር አሠሪዎች የሠራተኛን ፓስፖርት ይዘው እንደሚያስቀምጡ የማያውቅ የመንዝ ቤተሰብ የለም፤ ስለዚህ አለመቅረቧ እምቢታ ነው ወይስ እስር ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የእርሳቸው ተራ ሲጠራ ጋዜጣውን ካጠፉበት ቦታ በጥንቃቄ ዘርግተው ይዘው ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

አሁን ወደ ቤቱ ልመለስ፤ ዘመድ ከዘመድ የተቀያየመው በእርሱ ነውና። ቤቱ ከ2011 እስከ 2014 ዓ.ም. የተሠራ ሲሆን ካርታው በዋርሳዬ ስም ነው። ሲሚንቶውንና ብረቱን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ገንዘቡን የላከው ወንድሜ ነው፤ ለግንበኞቹ ምሳ የሠራችው፣ ውኃ በጠፋበት ሳምንት በአህያ ያስቀዳችው፣ አሸዋው በሌሊት እንዳይጫን ሕፃን አዝላ የጠበቀችው ደግሞ እርሷ ናት። በእኛ ቤት ግን የሚነገረው ዓረፍተ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ «የልጃችን ዶላር ነው»። ይህን ዓረፍተ ነገር እኔም ብያለሁ፤ አልክድም። ሕጉ የሚለው ሌላ ነው፤ በጋብቻ ዘመን ተጋቢዎች በግል ጥረታቸው ያፈሩት ሁሉ የጋራ ነው፤ በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ በእርሷ ስም ያለው ቤት የእርሱም ነው፤ በተመሳሳይ ምክንያት በእርሱ ስም በአሜሪካ ባንክ የተቀመጠው ገንዘብ የእርሷም ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ሁሉም ዘመድ ወዲያው ገባው፤ ሁለተኛውን ግማሽ ግን ለእናቴ አራት ጊዜ አስረድቻት፣ አራት ጊዜም «እሱ በብርድና በሌሊት ሥራ ያገኘውን?» ብላ መልሳልኛለች። በመጨረሻ ሁለቱ ራሳቸው በስልክ ተነጋግረው ቤቱ ለእርሷና ለልጁ እንዲቀር፣ እዚያ ያለው ቁጠባ ለእርሱ እንዲሆን ተስማሙ። እኛ ወራት የተጨቃጨቅንበትን እነርሱ የጨረሱት በአንድ የካርድ ሒሳብ ነው።

ልጁ ከእናቱ ጋር እንዲኖር፣ አባቱ በመጣ ጊዜ ሁሉ እንዲያገኘው፣ ለቀለቡም በወር 12,000 ብር እንዲላክ በስምምነቱ ተጻፈ። በዚያን ጊዜ አንድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር በታች ስለነበር ይህ ከ210 ዶላር በላይ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅቅ ዶላሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ የልጁ ቀለብም በወንድሜ ኪስ በኩል ሲታይ ወደ ግማሽ ወረደ፤ በደብረ ብርሃን ገበያ በኩል ሲታይ ግን ጤፉም፣ ዘይቱም፣ የትምህርት ቤት ክፍያውም ወደ ላይ ብቻ ነው የሄዱት። ስምምነቱን ያረቀቅነው እኔና ፍርድ ቤቱ አጠገብ የሚቀመጡት ራፖር ጻፊ ነበርን፤ ቀለቡን በብር ቁጥር ከማሰር ይልቅ በየዓመቱ እንደሚስተካከል አንድ መስመር እንጨምር ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። የሚልክ ሰው በዶላር እንደሚያስብ፣ የሚቀበል ሰው በብር እንደሚበላ ማሰብ ነበረብን። ደግነቱ የልጅ ቀለብ አንዴ ተወስኖ የሚዘጋ ነገር አይደለም፤ ሁኔታው ሲለወጥ እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል።

ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ግልባጩን ወስደን በቀበሌ አስመዘገብን፤ በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጁ ፍቺ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ብዙ ሰው ይህን ይተወዋል። ወንድሜ ሌላ ሴት አግብቶ ለማስመጣት ቢፈልግ መጀመሪያ የሚጠየቀው የፍቺ የምስክር ወረቀቱን ነው። ለዋርሳዬም ቢሆን ፋይዳው ቀላል አይደለም፤ ጋብቻው ጸንቶ ሳለ ልጅ ብትወልድ ሕጉ አባቱ ባሏ ነው ብሎ ይገምታል፤ ባልየው ባሕር ማዶ ያለ እንደሆነ ያን ግምት ማፍረስ ሌላ መዝገብ ይጠይቃል። የቀበሌዋ ሠራተኛ ቅጹን ስትሞላ ቀና ሳትል «የተፋታችሁት እናንተ ናችሁ?» ብላ ጠየቀችን። ዋርሳዬ ፈጠን ብላ «አዎ፣ እሷ ጥሩ ባል ነበረች» አለቻት።

ባለፈው ወር ዋርሳዬ የቀለቡ መጠን እንዲሻሻል አቤቱታ ልታቀርብ መሆኑን ነገረችኝ። ወንድሜም ሰምቶ ደወለና «ውክልናው እጅሽ ላይ አይደል? አንቺው ቅረቢልኝ» አለኝ። ያኛው ውክልና ለፍቺው ብቻ የተሰጠ መሆኑን፣ አዲስ ውክልና እንደሚያስፈልግ ነገርኩት። «እሺ፣ በስምሽ አድርጌ ልላከዋ» ሲለኝ፣ «ጋሼ፣ በሌላ ሰው ስም አድርገው፤ እኔ የዘንድሮውን የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ ይዤ በእሷ በኩል ምስክር ሆኜ ተቆጥሬያለሁ» አልኩት።